ስለ ጥንቱ የባንክ ወረቀት ብር ዋጋ

የተሻረ ወረቀት ብር ዋጋ የለውም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። እኔም በሞጣ በጽሕፈት ሥራ ስኖር እንደዚሁ አስብ ነበርና አንድ ሽማግሌ ጐዳሁ። እኒህ አባት ከአባታቸው ዳዊት ውስጥ ያገኙትን የኢትዮጵያ ባንክ ባለ 2 ብር ወረቀት አምጥተው «ይህ ይመነዘራልን?» ቢሉኝ፥ «አባቴ፥ የተሻረ ነው፤ አይረባም» አልኋቸው። እሳቸውም ገበያ ለመጣ ነጋዴ በጥቂት ጨው ሰጡት። በእውነትም አይመነዘርም ነበር፤ ነገር ግን መመንዘር ሌላ፥ መሸጥ ሌላ መሆኑን አላስተዋልሁም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ወረቀት ብር ያወጣ ነበር። በ1923 ዓ.ም. በእግሩ የተተካው የኢትዮጵያ ባንክ በ1924 ዓ.ም. የ5፥ የ10፥ የ50፥ የ100ና የ500 ብር፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ የ2 ብር ወረቀት አወጣ፤ በዚህም ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን መልክ አለ። ባላገሩ ግን 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ያምን ነበርና ወረቀቱ በገጠር ብዙ አልተሠራጨም። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ባንኩ ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው፤ የሚሰበስቡትም ሰዎች በብዙ ይገዙታል።

ዕድሜ ብቻውን ግን ዋጋ አይሆንም። በጠገራ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አይቶ እጅግ ጥንታዊ ነው የሚል ይሳሳታል፤ ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ ቍጥር ይዞአልና። እንደዚሁም በ2013 ዓ.ም. መስከረም የተለወጠው የ10፥ የ50ና የ100 ብር ወረቀት በብዙ እጅ ስለ ነበረ፥ ከዘመኑ ቅርብነት ጋር፥ ገና ብርቅ ሊባል አይችልም።

ከቍጥሩ ማነስ ቀጥሎ የሚታየው የወረቀቱ ንጽሕና ነው። ጭራሽ ያልተጣጠፈው ከተጣጠፈው ይበልጣል፤ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ ዋጋ ይቀንሳል። እድፉን አጠፋለሁ ብሎ የሚያጥብ፥ በካውያ የሚተኵስ፥ የተቀደደውን በሙጫ የሚያያይዝ ሰው ያበላሸዋል። ጢስና ምስጥ በማይደርስበት፥ ፀሓይም በማያገኘው ስፍራ በንጹሕ ወረቀት መካከል ይቀመጥ።

ሽማግሌዎች ሆይ፥ በሣጥናችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢገኝ ከመሸጣችሁ አስቀድሞ ለመምህሩ አሳዩ። መምህሩም የባንኩን ስም፥ የብሩን መጠንና ቍጥሩን በመዝገብ ይጻፍ፤ ሻጩም ከአንድ ገዢ በላይ ሳይጠይቅ ዋጋ አይቍረጥ።