ኦፕን ኦሲዲን መጫን፦ የቺፕን ውስጥ የምናይበት መሣሪያ

በማይክሮኮንትሮለር ላይ የጫንነው ፕሮግራም በድንገት ሲቆም፣ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን የሚነግረን ስክሪን የለም፤ ስለዚህ በግምት እንደክማለን። ኦፕን ኦሲዲ ግን ፕሮሰሰሩን አስቁመን የሬጅስተሮቹንና የሜሞሪውን ይዘት እንድናነብ ያስችለናል። ይህን ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዶሚኒክ ራት እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን፣ አውግስቡርግ፣ ለዲፕሎማ ጥናቱ ሠራው፤ ዛሬም በነጻ ይገኛል።

ኡቡንቱ ሊኑክስን፣ ኤስቲ ሊንክ የተባለውን ማገናኛና ኤስቲኤም32ኤፍ103 ቺፕ ያለውን ቦርድ ለምሳሌ እንውሰድ። በመጀመሪያ ሶፍትዌሩን ከኡቡንቱ የፓኬጅ ማከማቻ እንጭናለን። ቀጥሎ ቢያንስ የዳታ፣ የክሎክና የግራውንድ ሽቦዎችን እናገናኛለን። ቮልቴጅ ምንጊዜም በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ስለሆነ፣ ግራውንዱ ከተረሳ ማገናኛውና ቺፑ የጋራ መነሻ ያጣሉ። በመጨረሻም ኦፕን ኦሲዲን ስናስነሳ የማገናኛውንና የቺፑን የማዋቀሪያ ፋይሎች እንጠቁመዋለን።

የፈቃድ ክልከላ መልእክት ቢመጣ፣ ሁልጊዜ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስነሣት ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም። የዩኤስቢ ፈቃድ ደንቡን ፋይል በቦታው አስቀምጠን ማገናኛውን ነቅለን እንደገና እንሰካለን።

መሣሪያው ቺፑ 6 የማቆሚያ ነጥቦች እንዳሉት ሲያሳውቀን ግንኙነቱ ተሳክቷል። ከዚያ ጂዲቢን በፖርት 3333 አገናኝተን ምርመራውን እንጀምራለን። ሶፍትዌሩ ኮምፒውተራችን ላይ ስለገባ ብቻ ተጭኗል አንበል፤ ቺፑ ራሱ መልስ ሲሰጠን ነው ሥራው የተጠናቀቀው።