«የሐበሻ ቀጠሮ» ስለሚባለው ነቀፋ

በካዛንቺስ ከታክሲው ሰልፍ አጠገብ ቆሞ ባልንጀራውን ብዙ ሰዓት የጠበቀ ሰው «ምን ይደረግ፤ የሐበሻ ቀጠሮ ነው!» ሲል መስማት ዘወትር የሚያጋጥመን ነው። የዘገየው አንድ ሰው ሲሆን ነቀፋው በሕዝቡ ሁሉ ላይ ይወድቃል፤ ነቃፊውም ራሱ ሐበሻ መሆኑ ይበልጥ ያስደንቃል። የዘገየውም ምናልባት በ2017 ዓ.ም. በሰፈሩ ከፈረሱት ቤቶች አንዱ የእርሱ ሆኖ፣ ዛሬ ከከተማው ዳርቻ የሚመጣ ይሆናል።

ናትናኤልም ስለ ናዝሬት እንዲሁ ባንድ ቃል ፈርዶ ነበር (ዮሐ. 1፥46)፤ ፊልጶስ ግን መጥቶ እንዲያይ ጠራው እንጂ አልተከራከረውም። እኛም ይህን ወንድማችንን፣ ቂርቆስና ኢየሉጣ በሚታሰቡበት በሐምሌ 19 ሌሊት፣ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንጠራዋለን፤ የክረምቱ ዝናብና ጭቃ ሳይከለክላቸው፣ ቅዳሴው ሳይገባ አስቀድመው በቅጽሩ ውስጥ የቆሙትን አረጋውያን እናቶች ያያል።