ከገበያ በፊት ማጀት

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው ያሰብሁት ጉዳይ ለብዙዎቻችን የእናቶች ሥራ ብቻ መስሎ የሚታየን ነው፤ ይኸውም አስቤዛ ነው። እኔም እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ከደሴ ለዕረፍት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ወዳለው ቤታችን በመጣሁ ጊዜ ያየሁት ነገር አሳቤን አስለወጠኝ።

ቤታችን በታኅሣሥ ጤፉን ከአውድማ እንዳስገባ ግማሽ ያህሉን ሸጦ ነበር፤ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ለልብስና ለበዓል። ሐምሌ ሲገባ ጎታው ባዶ ስለ ሆነ ያንኑ እህል ከዚያው ገበያ፣ በታኅሣሥ ከተቀበልነው እጅግ በሚበልጥ ዋጋ መልሰን ገዛን። በዚያው ሳምንት ሦስት እንጀራ ሻግቶ ለላሚቱ ተሰጠ። ይህን ባነሣሁ ጊዜ እናቴ፣ «ልጄ፣ ገበያማ ምን ጊዜም እኛ ስንሸጥ ርካሽ፣ እኛ ስንገዛ ውድ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሆኖም ነገሩ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጤፍ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ስለ ሆነ ሁሉም ገበሬ ባንድ ጊዜ ያወጣዋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። በክረምት ሻጩ ጥቂት፣ ገዢው ብዙ ነው።

ስለዚህ አስቤዛን ሁለት ቦታ ከፍሎ ማየት ይገባል፤ አንዱ በዓመት የሚታሰብ፣ ሌላው በሳምንት የሚታሰብ ነው። እህልና በርበሬ የመጀመሪያው ናቸው። ከእህልም መካከል ጤፍ ልዩ ጠባይ አለው። ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደርቆ ከገባ ዓመታት ይቀመጣል። በቆሎ፣ ማሽላና ባቄላ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይነቀዛሉ። እንግዲህ ለመሸጥ ግድ ሲሆን ቀድሞ መውጣት የሚገባው የሚነቅዘው እህል ነበር፤ እኛ ግን ጤፍ ጥሩ ዋጋ ያወጣል ብለን እርሱን እናስቀድማለን። የሚነቅዘውን ለማቆየት ዛሬ ሦስት ድርብ ያለው፣ አየር የማያስገባ ከረጢት አለ፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ተባዩ አየር አጥቶ ይሞታል። የነቀዝ ክኒን አድርጎ እህሉን በመኝታ ክፍል ማሳደር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል።

በሐይቅ ከተማ እየኖሩ በደመወዝ የሚተዳደሩት ደግሞ አንድ ኩንታል ባንድ ጊዜ የሚገዙበት ገንዘብ የለንም ይላሉ። እቁብ ግቡ እንዳልል የእቁብ ዕጣ ለሁሉም በታኅሣሥ አይወጣም። ይልቅ የቅርጫን ሥርዓት ማሰብ ይሻላል። ጎረቤታሞች አዋጥተው አንድ በሬ ለበዓል እንደሚገዙና እኩል እንደሚካፈሉ ሁሉ፣ በየወሩ ጥቂት እያጠራቀሙ ታኅሣሥ ላይ እህሉን በጅምላ ገዝተው መካፈል ይችላሉ።

ወደ ሳምንቱ አስቤዛ ስንመጣ ጥፋቱን ከራሴ ልጀምር። ደሴ ከሦስት ተማሪዎች ጋር ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ አንድ ቀን ቲማቲም በግማሽ ዋጋ አገኘሁና አንድ ሙሉ ሣጥን ገዛሁ። በስድስተኛው ቀን ግማሹ ፈስሶ ነበር። በግማሽ ዋጋ ገዝቶ ግማሹን የሚጥል ሰው ሙሉውን ዋጋ ከፍሏል፤ የተሸካሚው ደግሞ ትርፍ ነው።

የእኛ ቤት ሳምንት ሰባት ቀን ቢሆንም ለወተት፣ ለቅቤ፣ ለዕንቁላልና ለሥጋ ግን አምስት ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ማክሰኞ ማታ የተረፈ የፍስክ ወጥ እስከ ሐሙስ አይጠብቅም። በበዓለ ኀምሳ የረቡዕና የዓርብ ጾም ስለሌለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ በፍልሰታ 15 ቀን፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ በሌላ መንገድ ይለወጣል። ቅበላ ላይ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ሥጋ ገዝቶ እሑድ ማታ የተረፈውን ለውሻ የሚጥል ቤት አይጠፋም፤ ጥሬውን አስቀድሞ ቋንጣ ቢያደርገው ለፋሲካ በደረሰለት ነበር። የሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳን አስቤዛ ከዚሁ ሒሳብ አይወጣም። ከሐይቃችን የሚወጣው ዓሣ ግን በረዶ በሌለበት ቤት የዚያው ቀን ምግብ ነው፤ ለነገ ተብሎ አይገዛም። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለመምህራን እተወዋለሁ።)

እንጀራ በቤታችን ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ሳምንቱን ሙሉ የሚበቃ ባንድ ቀን መጋገር እንጨት ይቆጥባል፤ ከሻገተ ግን እንጨቱም ጤፉም አብሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የቀረውን ፍርፍር ማድረግ፣ ወይም ሳይሻግት በፀሐይ አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ነው። የሻገተውን ግን ፍቆ መብላት አይገባም። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህን መርዝ የምጣድ እሳት አያጠፋውም። ላም ስትበላውም ወደ ወተቷ ያልፋል። እኛ ያን ዕለት ለላሚቱ ስንሰጥ እንዳልባከነ ቆጥረነው ነበር።

ይህ የእኛ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ መባከኑንና ከዚህ 60 በመቶው ከየቤቱ መሆኑን ገልጿል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎ ያለቀበትን ዘመን ከአያቶቹ የሰማ ሰው ይህን ቁጥር እንዲሁ አያልፈውም።

አሁን በቤታችን አንድ ደብተር ማጀት ውስጥ ተሰቅሏል። ከገበያ በፊት ታናሽ እኅቴ በማጀት ያለውን፣ ስንት ሰው ስንት ቀን እንደሚበላና የትኛው ቀን ጾም እንደ ሆነ ትጽፋለች፤ እናቴም ከዚያ ውጭ አትገዛም። አንድ ሳምንት ሽንኩርት ሁለት ጊዜ መጻፏን ሳታይ ቀርታ እጥፍ ገዝተናል፤ ለጎረቤት አካፈልነው።

የጤፉን ነገር በተመለከተ እኛ አምስት ሰዎች በወር 60 ኪሎ ያህል እንጨርሳለን። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ላለው ጊዜ 2 ኩንታል ከ40 ኪሎ ሳይሸጥ እንዲቀመጥ ለአባቴ አመለከትሁ። አባቴም ደብተሩን ተቀብሎ ካየ በኋላ፣ «ሒሳቡስ ልክ ነው፤ ባለዕዳው ግን የሚመጣው በታኅሣሥ ነው» አለኝ። አንድ ኩንታል ለማስቀረት ተስማምተናል፤ በቀሪው ላይ ገና እየተነጋገርን ነው።