ምዕራፍ ሰባት፦ ትምህርቱ ቢቋረጥም ውሉ አይቋረጥም

ከይፋት ቆላ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ መጀመሪያ አንድ ቅጽ ይፈርማል። የወጪ መጋራት ውል ይባላል። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዶርም ቶሎ መያዝ አለበት፤ ስለዚህ ብዙው ሳያነብ ይፈርማል። የሚመረቀው ልጅ ኦሪጅናል ዲግሪውን ሲፈልግ ውሉን ያስታውሰዋል። አቋርጦ የወጣው ግን ከነጭራሹ ይረሳዋል። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው አቋርጠው ለወጡትና ለመውጣት ለሚያስቡት ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን አዘዘ። ክፍያው ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ላይ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ነው። መምህር ለመሆን የሠለጠነ ሰው ዕዳውን በአገልግሎት እንዲያወራርድ መንገድ ተሰጥቶታል። ልብ በሉ፦ ውሉ የሚፈረመው በየዓመቱ ነው። ዲግሪውን ያዛችሁም አልያዛችሁም፣ በፈረማችሁበት ዓመት የግቢውን እንጀራ በልታችኋል፣ አልጋው ላይ ተኝታችኋል። የቀለቡ ሒሳብ ለረጅም ጊዜ በቀን 15 ብር ነበር፤ ኋላ 22 ብር ገባ፣ ቆይቶም ከዚያ በላይ ከፍ አለ። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ልጅ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር፣ አባቱን በደንብ የማውቀው ልጅ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ምሕንድስና ደረሰው። ሁለተኛ ዓመት እንደገባ፣ በመጋቢት ወር፣ አባቱ በጠና ታመሙ። ያ ወቅት በእኛ አገር ሽንኩርቱ ውኃ የሚለምንበት ነው። እናቱ ደውለው «ማሳው ሊደርቅ ነው፣ አባትህም ስምህን ይጠራሉ» አሉት። ልጁ በማግስቱ ሌሊት መኪና ያዘ። ለዶርም ጓደኞቹ «በሳምንት እመለሳለሁ» አለ። ፍራሹን አልመለሰም፤ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍም እጁ ላይ ነበር። ወደ ሬጅስትራር አልሄደም።

ሳምንቱ ወር ሆነ። ሽንኩርቱ ተነቀለ፣ ማሾ ተዘራ፣ አባትየው አረፉ፣ ልጁ የቤቱ ራስ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ደብረ ብርሃን በሚገኝ ኮሌጅ በማታው መርሐ ግብር ሊማር ሲሞክር የቀድሞ ውጤቱን አምጣ ተባለ። ወደ ቀድሞው ግቢ የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ ጠየቀ። የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤቱ በሙሉ ኤፍ ሆኖ ተመዝግቧል። ክሊራንስ፣ ማለትም ከየክፍሉ ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ የለውም። የወጣበትን ቀን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ስላልነበረ የሁለተኛው ዓመት ወጪ እስከ ሰኔ ድረስ ሙሉ ተቆጠረበት፤ ፍራሹና መጽሐፉም ተጨመሩ። «ቤት ሆኜ ሽንኩርት ሳጠጣ የበላሁት ቀለብ የለም» ቢል ማን ይመስክርለት? ተመልሶ የቀበሌ ደብዳቤ አመጣ፣ የአባቱን የሕክምና ወረቀት ፈለገ፣ እንደገና ሄደ። ለትራንስፖርትና ለአልጋ ያወጣው ብር የዕዳውን ግማሽ አለፈ።

በሮቢ ወንዝ መስኖ የምታጠጡ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ተራው ደርሶት አጠጥቶ ቦዩን ሳይዘጋ ወደ ቤቱ የገባ ገበሬ፣ ውኃው ሜዳ ላይ ቢፈስም ተራው በስሙ ነው የሚቆጠረው። አቋርጣችሁ ስትወጡ ቦዩን የሚዘጋው ቀን ያለበትና ማኅተም ያረፈበት የማቋረጫ ቅጽ ነው። ግቢ ውስጥ ዊዝድሮዋል የምትሉት ማለት ነው።

እኔ ለማውቃቸው ልጆች ሁሉ የምመክረው አንድ ክላሰርና ሦስት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው በየዓመቱ የፈረማችሁት የወጪ መጋራት ውል ኮፒ ነው። ሁለተኛው የማቋረጫ ቅጹ ነው፤ ምክንያቱ በግልጽ ተጽፎ፣ ቀኑ ሰፍሮ፣ በሬጅስትራር ማኅተም ተመትቶ። ሦስተኛው ክሊራንሱ ነው፤ ከዶርም፣ ከካፌ፣ ከቤተ መጻሕፍትና ከስፖርት ክፍል ሁሉ የተፈረመ። እነዚህን ሁለት ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን እናታችሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ብቻ አይበቃም፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። በአጣዬ በ2013 ዓ.ም.፣ በሸዋ ሮቢትም በ2014 ዓ.ም. የደረሰውን የግጭትና የጦርነት ጥፋት ያየ ሰው ወረቀትን በአንድ ቤት ብቻ አያስቀምጥም። በዚያ መከራ ምክንያት ያቋረጣችሁ ደግሞ ምክንያቱን ሳትጽፉ አትለፉ፤ የተጻፈ ምክንያት ለመልሶ ቅበላ መሠረት ነው። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሴኔት ሕጉ የመልሶ ቅበላ ቀነ ገደብ አለው፤ ስትወጡ ጠይቁና ቅጹ ጀርባ ላይ ጻፉት።

ቅጹን ሳትሞሉ ድንገት መሄድ ግድ ከሆነባችሁ የክፍል ተወካያችሁን ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊውን በጽሑፍ አሳውቁ።

እዚህ ላይ ለወላጆች የምለው አለኝ። እኛ የይፋት ሰዎች የዕድር መዋጮ አንድ ወር አናሳልፍም፤ ጎረቤት ያያልና። ለሠርግ ድንኳንና ለበሬ ደግሞ ያለንን ሸጠን እንበደራለን። ልጃችን የፈረመው ውል ሲነሣ ግን «የመንግሥት ነው፣ ማን ይጠይቃል» እንላለን። ይህ ነውር ነው። የመንግሥት የምንለው ገንዘብ ከወረዳዎቻችን ከኤፍራታም ከቀወትም የተሰበሰበ ግብር ነው፤ በእሱ ነው የድሃ ልጅ ነገ ዶርም የሚያገኘው። ሁለተኛው ነውራችን ልጁ አቋርጦ ሲመጣ የምናሳየው ፊት ነው። «የከሸፈ» እያልን ስናሸማቅቀው ያው ልጅ ወደ ሬጅስትራር ለመመለስ እግሩ ይተሳሰራል። ዕዳውን የሚያገዝፈው ይህ ፍርሃት ነው።

አሜሪካ ያላችሁ ልጆቻችንም ከዚህ አትለዩም። እዚያ የፌዴራል እርዳታ ወስዶ ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ያቋረጠ ተማሪ ያልተማረበት ድርሻ ተሰልቶ ተመላሽ ይደረጋል፤ ኮሌጁም የከፈለውን ከተማሪው ሊጠይቅ ይችላል። በአውስትራሊያም ኮሌጁ የሚያስታውቀው የመቁረጫ ቀን ካለፈ በኋላ የወጣ ሰው የሴሚስተሩን ዕዳ ይሸከማል። ስለዚህ የትም ብትሆኑ ከመውጣታችሁ በፊት «ዛሬ ብወጣ ስንት ይቆጠርብኛል? በሚቀጥለው ሳምንት ብወጣስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ምንም አያስከፍልም።

ክፍያውን በተመለከተ ሥራ ያልያዘ ሰው ደመወዝ ስለሌለው የሚቆርጥበት የለም፤ ይህ ግን ተኙ ማለት አይደለም። በእኛ ቆላ ገንዘብ እጅ የሚገባው በምርት ወቅት ነው። ሽንኩርት ላይ አትመኩ፤ ዋጋው ሁሉም በሚነቅልበት ጊዜ ይወድቃል። ማሾ ይሻላል፤ ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ ውጭ አገርም ይፈለጋል። ከማሾው ሽያጭ የተወሰነውን ለዚህ ዕዳ ብቻ በተለየ የባንክ ደብተር አስቀምጡ። ዕዳው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ ከከፈላችሁ በኋላም ደረሰኝ ሳትይዙ ከመስኮቱ አትራቁ።

ያለ ወረቀት ወጥታችሁ ዓመታት ያለፉባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ቀድማችሁ የቀበሌ ደብዳቤውንና የምክንያት ማስረጃውን አዘጋጁ፤ ሁሉንም ይዛችሁ አንዴ ሂዱ፤ ያለባችሁን በቁጥር ተጽፎ ተቀበሉ። የሚቀጥለው ምርት ሳይገባ ይህን የፈጸመ ልጅ ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ያልፈጸመው ግን አእምሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ በአንድ ማኅተም ጉድለት ቤቱ ይቀራል።