አረንጓዴ ሻይና ሌሎች ትኩስ መጠጦች በወረርሽኝ ወቅት

አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ ጠዋትና ማታ ብርዱ ስለሚጠና፣ ትኩስ ነገር መጠጣት የዘወትር ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ ትኩስ መጠጥ ከብርድ ማባረሪያነት አልፎ እንደ መድኃኒት ይታይ ጀመር። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦና ዳማ ከሴ በየቤቱ ተፈላጊ ሆኑ፤ አረንጓዴ ሻይም በሽታውን ይከላከላል ተብሎ ተወራለት። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነት የሆነ ነገር አለ፤ አደገኛ የሆነም አለ።

አረንጓዴ ሻይና ጥቁር ሻይ የሚገኙት ከአንድ ተክል ነው። በከፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉመሮ የሚለማውም ይኸው ተክል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ለጥቁር ሻይ የሚሆነው ቅጠል ጠውልጎና ታሽቶ አየር እያገኘው እስኪጠቁር ይቆያል፤ ለአረንጓዴ ሻይ የሚሆነው ግን ወዲያው በእንፋሎት ወይም በምጣድ ስለሚሞቅ ለውጡ ገና ሳይጀምር ይቆማል። በዚህ ምክንያት ካቴኪን የተባሉት የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች በአረንጓዴው ውስጥ በብዛት ይቀራሉ። ጦስኝን ወይም ዝንጅብልን አፍልቶ መጠጣትም በተለምዶ ሻይ ይባላል፤ እነዚህ ግን የሻይ ተክል ስላልሆኑ ካፌይን የላቸውም፤ ስለ አረንጓዴ ሻይ የተጠናውም እነርሱን አይመለከትም።

በጃፓን ኦሳኪ በተባለ አካባቢ ከ40 ሺህ በላይ ጎልማሶች ለዓመታት ተከታትለው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። በቀን አምስት ስኒና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ሻይ የሚጠጡት፣ ከአንድ ስኒ በታች ከሚጠጡት ይልቅ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞታቸው መጠን አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በካንሰር በሚመጣ ሞት ግን ልዩነት አልታየም። እንዲህ ያለ ጥናት ሰዎች የሚኖሩትን ኑሮ የሚመዘግብ እንጂ ሻዩ ብቻውን ያመጣውን ለውጥ የሚለይ አይደለም፤ ብዙ ሻይ የሚጠጣ ሰው በሌላም ነገር ሊለይ ይችላልና። ቢሆንም ስኳር ያልበዛበት ሻይ ለአብዛኛው ጤነኛ ጎልማሳ ጥሩ መጠጥ ነው ማለት ይቻላል።

ኮቪድን በተመለከተ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የሻይ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ቫይረሶችን ሲያዳክሙ መታየታቸው እውነት ነው። ይሁን እንጂ በመሞከሪያ ብርጭቆ ውስጥ የሚፈሰው መጠን፣ ሰው ጠጥቶ ወደ ደሙ ከሚገባው እጅግ ይበልጣል፤ ከሚጠጣው ካቴኪን አብዛኛው ሳይዋጥ ያልፋልና። አረንጓዴ ሻይ መጠጣት ኮቪድን እንደሚከላከል ወይም እንደሚያድን የተረጋገጠ ነገር የለም። ትኩስ መጠጥ ቫይረሱን ከጉሮሮ አጥቦ ወደ ሆድ ይወስደዋል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ቫይረሱ በአፍንጫና በዓይንም የሚገባ ከመሆኑ በላይ፣ የሰውነት ሙቀት የሚጠጣው ምንም ያህል ቢግል በዚያው በ37 ዲግሪ ገደማ ይቆያል።

ትኩስ መጠጥ ለታመመ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ቀላል ቢመስልም የሚናቅ አይደለም። ትኩሳት ያለበት ሰው በላብና በትንፋሽ ብዙ ፈሳሽ ያጣል፤ የምግብ ፍላጎቱም ስለሚቀንስ ቶሎ ይደክማል። ቀጠን ያለ ሻይ፣ አጥሚትና ሾርባ ይህን ይተካሉ፤ የተቆጣ ጉሮሮንም ያለዝባሉ። ማር የተጨመረበት ለብ ያለ ውሃ ሳልን ያስታግሳል። ሆኖም ማር አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጣት ጫፍም ቢሆን ሊቀመስ አይገባም፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መመረዝ ሊያስከትል ይችላል። እስከ ስድስት ወር ያለ ሕፃን ከእናት ጡት በስተቀር ውሃም ሻይም አያስፈልገውም።

ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ

ስለ ሻይ ብዙ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው። በሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን የብረት ማዕድን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል፤ ከምግብ ጋር አብሮ ከተጠጣ የሚገባው መጠን ከግማሽ በላይ ሊቀንስ ይችላል። በሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ያን ያህል አይነካም። የጎጃም ገበታ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን የሚበዛበት በመሆኑ፣ በጾም ወራት ደግሞ ብረት የሚገኘው ከእህልና ከአትክልት ብቻ ስለሆነ፣ እንጀራ እንደተበላ ወዲያው ሻይ መጠጣት ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ለልጅ ጉዳት አለው። የወረርሽኙ ዜና የመጣውም በዐቢይ ጾም ነበር፤ መከላከያ ይሆናል ብላ በየማዕዱ ሻይ የጨመረች ነፍሰ ጡር ደሟን ለማነስ አጋልጣለች። ሻይ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢጠጣ ይህ ጉዳት ይቀንሳል። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የብረት ክኒን በሻይ ሳይሆን በውሃ ይዋጣል። ሎሚ ግን በተቃራኒው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል፤ ሰላጣ ወይም ጎመን ላይ ቢጨመቅ ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው።

ስኳሩም ሊታሰብበት ይገባል። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢጨመር 12 ግራም ያህል ነው፤ አምስት ብርጭቆ 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጎልማሳ በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ ከሚመክረው ይህ ብቻውን ያልፋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኮቪድ ሲይዘው የመጽናቱ ዕድል ከፍ ያለ በመሆኑ፣ በሽታውን ልከላከል ብሎ የጣፈጠ ሻይ የሚያዘወትር ሰው የሚሠራው በራሱ ላይ ነው።

እጅግ የጋለ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧን ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል መድቧል። በ2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ከምድጃ እንደወረደ መጠጣት በደጋም ቢሆን ያቃጥላል፤ ጥቂት ደቂቃ መቆየት ይኖርበታል። አረንጓዴ ሻይ ራሱ ከፈላ ውሃ ይልቅ በረድ ባለ ውሃ ቢዘፈዘፍ አይመርርም። በባሕር ዛፍ እንፋሎት መታጠን ቫይረሱን አይገድልም፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት የፈላ ውሃ ድስት የቃጠሎ አደጋ ነው።

ሻዩ ወይም ቡናው በራሱ በሽታ አያስተላልፍም፤ አብሮ የሚቀመጠው ሰው ግን ያስተላልፋል። ለመጠጣት ጭምብል ይወርዳል፤ ወሬ ይጦፋል፤ በሩ ከብርዱ የተነሳ ይዘጋል። ጎረቤት በስብሰባ ሳይሆን በቤተሰብ ደረጃ ቢጠጣ፣ እንግዳ ከመጣም በደጅ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ቢቀመጥ፣ ስኒውም በአንድ ሳህን ውሃ ከመነከር ይልቅ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ቢታጠብ ይመረጣል።

ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ብዙ ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ይጠጣል። አብዛኛው በኮቪድ የተያዘ ሰው በማንኛውም መንገድ በጥቂት ቀናት የሚሻለው በመሆኑ፣ ዳነ የሚያሰኘው ዳማ ከሴው ይመስላል። አደጋው ያለው በሽታው በአንዳንዱ ሰው ላይ ከሳምንት ገደማ በኋላ በመባባሱ ነው። በዚያ ጊዜ ተጨማሪ ጭማቂ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። የትንፋሽ ማጠር፣ የማያቋርጥ የደረት ሕመም፣ መደናገር ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ከሆነ፣ ያለ ምንም መዘግየት በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትም ሆነ አረንጓዴ ሻይ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክራል። የት መሄድ እንዳለበት ያልተረዳ ወይም መጓጓዣ ያላገኘ ሰው 8335 ይደውላል፤ በቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትመራዋለች።