ሽሮው ለምን ጣዕም አጣ?

የካፌው ሽሮ አልጥም ብሎን በር ላይ ቦምቦሊኖና ለስላሳ ስንገዛ፣ ጥፋቱ የሽሮው ብቻ ላይሆን ይችላል።

ጣፋጭና ቅባታማ ነገር ስንበላ አእምሯችን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። መልእክቱ «ይህን ድገመው» የሚል ነው። ይህን መልእክት የሚቀበሉ ሪሴፕተሮች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጆንሰንና ኬኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ለአይጦች ቋሊማና ኬክ እንደ ልብ አቀረቡ። አይጦቹ ወፈሩ፤ ዲ2 የተባሉት የዶፓሚን ሪሴፕተሮቻቸውም ቀነሱ። ቅጣት መምጣቱን የሚያስጠነቅቅ መብራት እየበራ እንኳ መብላታቸውን አላቆሙም። ምግቡ ከተነሳባቸው በኋላም የአእምሯቸው የእርካታ ሥርዓት ለሁለት ሳምንት ያህል እንደተዛባ ቆየ።

በእኛ በምህንድስና ተማሪዎች ቋንቋ፣ ሲግናሉ ከመጠን በላይ ሲበረታ ተቀባዩ ጌይኑን ይቀንሳል። ያኔ ደካማው ሲግናል፣ ማለትም ተራው ምግብ፣ አይሰማም። ለቀድሞው እርካታም የበለጠ ስኳር ይፈለጋል።

ሰው ግን እንደ አይጥ አይደለም፤ ነፍሱን መግታት ይችላል። ሰኞና ሐሙስ ጾመን ማፍጠሪያውን በለስላሳና በፓስቲ ብንሞላው ያንኑ ልማድ ወደ ማታ አዛወርነው እንጂ አልተውነውም። በተምርና በውሃ አፍጥረን ወደ ሽሮው እንሂድ። ለሌሊት ጥናትም ከብስኩት ይልቅ ቆሎ እንያዝ። ለጥቂት ሳምንታት ከጸናን ምላሳችን ተራውን ምግብ መልሶ ይለምዳል፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።