ከቅጥሩ ውጭ የቀሩ አረጋውያን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን አረጋውያን ምእመናንን በቤተ ክርስቲያን ስለ መቀበል አብረን እንመረምራለን።

የውኃ ተቋም ለመጎብኘት ወደ አንድ የገጠር አጥቢያ በሄድንበት ሰንበት ቅዳሴው ሳይፈጸም ደረስን። ከቅጥሩ ውጭ አንዲት አረጋዊት እናት ፊታቸውን ወደ መቅደሱ መልሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እናቴ፣ ስለ ምን አይገቡም?» አልናቸው።

«ልጆቼ፣ ደረጃውን እየዳኽሁም ቢሆን እወጣዋለሁ። ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ካልሁ ግን ቀና የሚያደርገኝ የለም» ሲሉ መለሱልን። ከቆረቡ ሁለት ፋሲካ አልፏቸዋል። ሊቀበሉን የወጡት የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር አንገታቸውን ደፉ፤ በየሳምንቱ ሰላምታ እየሰጧቸው ያልፉ ነበርና። እኛም የውኃ ተጠቃሚዎችን ስንመዘግብ እኒህን እናት ቆጥረናቸው ነበር፤ ስለ ቅዳሴያቸው ግን አልጠየቅናቸውም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥32 ሽማግሌን ማክበርን ከፈሪሃ እግዚአብሔር ጋር አያይዞ ያዝዛል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሕፃኑን ጌታ በቤተ መቅደስ የተቀበሉት አረጋዊው ስምዖንና ከመቅደስ የማትለየው መበለት ሐና ናቸው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ደግሞ ለእኛ ለዲያቆናት የቀረበ ነው። ሰባቱ የተመረጡት መበለቶች በዕለት ዕለቱ አገልግሎት ስለ ተዘነጉ ነው። የሐዋርያት መፍትሔም ኀላፊነቱን በስም ለተመረጡ ሰዎች መስጠት ነበር። «ሁሉም ያስብበታል» የተባለውን ነገር ማንም እንደማያስብበት ከዚህ እንማራለን።

ስለ መቆምና መቀመጥ

አንዳንድ አረጋውያን ተቀምጦ ማስቀደስን እንደ ድፍረት ቆጥረው ከቤት ይቀራሉ። ይሁን እንጂ መቋሚያው ራሱ በረጅሙ ጸሎት ለሚደክም ሰውነት ድጋፍ ነው። በቅዳሴም ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ ማወጁ የሚቀመጡ መኖራቸውን ያሳያል። ስለዚህ አቅም ያነሣቸው ቢቀመጡ በደል እንዳልሆነ ካህናት በዐውደ ምሕረት በግልጥ ያስተምሩ፤ ስለ ጾምም የንስሐ አባት እንደ አቅማቸው ይምከሯቸው።

ምን እናድርግ?

1. ጫማ በሚወለቅበት ስፍራ አግዳሚ ወንበር፣ በደረጃው ዳር የእጅ መደገፊያ ይሠራ። የአካባቢ እንጨትና የምእመናን ጉልበት ይበቃል፤ የፕሮጀክት በጀት አያስጠብቅም።
2. ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደው መንገድ ይደልደል። ብዙዎች ይህን አፍረው አይናገሩም።
3. እያንዳንዱን አረጋዊ ከቤት አምጥቶ የሚመልስ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት በስም ይመደብ።
4. የንስሐ አባቶች ከቅዳሴ የቀሩ አረጋውያንን ዝርዝር በየሦስት ወሩ ለሰበካ ጉባኤው ያቅርቡ።

ወደዚያ አጥቢያ ዳግመኛ ስንሄድ አግዳሚው ተሠርቶ አገኘነው። ከእናታችን ጎን ቀድሞ ማንም ያላነሣቸው ሌሎች ሦስት አረጋውያን ተቀምጠውበት ነበር።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአጥቢያችን ከቅዳሴ የቀሩት አረጋውያን እነማን ናቸው? ምክንያታቸውንስ ከራሳቸው አፍ ሰምተናልን?
ለ. ባለፈው ዓመት ፍትሐት ካደረግንላቸው አረጋውያን መካከል በሕይወት ሳሉ በቤታቸው የጠየቅናቸው ስንቶቹን ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።